በታች ሰፈር «አይቻልም» ያልኩ ጊዜ

መሐንዲስ የሆንኩት ስብሰባ ስለምጠላ ነው። ሽቦ አይከራከርም፣ ብረት አያኮርፍም፣ ቁጥርም «አጀንዳ ይያዝልኝ» አይልም ብዬ። ይኸው ሥራ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከትራንስፎርመር ጋር ካሳለፍኩት ጊዜ ይልቅ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ «እስቲ አስተያየት ያላችሁ» ሲባል የሰማሁበት ይበልጣል። ደክሞኛል። የምነግራችሁም የደከመው ሰው ወሬ ነውና እንደዚያው አድርጋችሁ ተቀበሉኝ።

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ መካነ ሰላም፣ ላይ ሰፈር ነው። ተምሬ ስመለስ የከተማው ሰው ስሜን ትቶ «ኢንጂነር» ይለኝ ጀመር። እናቴ እንኳ ሰው ፊት ስትጠራኝ «ኢንጂነር ደረጀ» ትላለች፤ ቤት ስንገባ ደረጀ ብቻ እሆናለሁ። ማዕረግ ሲደጋገም ሰውን ያበላሻል፤ ሦስት ዓመት እንዲህ ከተባልኩ በኋላ እኔም አምኜ ቁጭ አልኩ። በዚያ ላይ ደሴ ለዕቅድ ክፍል ሰው ይፈለጋል ተብሎ ኃላፊዬ ስሜን አስተላልፎልኝ ነበር። አንድ ዓይን የሚሞላ ሥራ ሠርቼ ባሳይ መሄዴ ነው። ያ ዓይን የሚሞላ ሥራ የታች ሰፈር ትራንስፎርመር ሆነ።

ታች ሰፈር ከገበያው ቁልቁል ሲወርዱ ያለው ነው። ሦስት ወፍጮ ቤትና ሁለት ብየዳ ቤት አለበት፤ የከተማው የእጅ ሥራ ግማሹ እዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። የድሮው ትራንስፎርመር ከተቃጠለ አሥራ አንድ ወር ሆኖት ነበር። ያቃጠለውም ክፉ ሰው አይደለም። ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከወትሮው አምስት ስድስት እጥፍ ኃይል ይስባል፤ ከተነሳ በኋላ ይረጋጋል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሁሉም «መጣ» ብሎ ሞተሩን በአንድ ጊዜ ያስነሳል። አንድ ቀን እንዲያ ሲሉ ብረቱ አልቻለም፤ ሰፈሩ ጨለመ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ እህላቸውን በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን እየወጡ ላይ ሰፈር ያስፈጩ ነበር።

በመጨረሻ አዲሱ ትራንስፎርመር ከደሴ በጭነት መኪና መጣ። ከድሮው የሚበልጥ አይደለም፤ ያንኑ ያክላል። ይሄኛውም ከተቃጠለ ሌላ እንደማይመጣ ተነግሮናል። ስለዚህ ዕቅድ አወጣሁ። ሞተር የሚባል ሁሉ ከታች ሰፈር ይነሳና ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ወደ ተከፈተው የኢንዱስትሪ መንደር ይሂድ፤ እዚያ ትልቅ ትራንስፎርመር አለ። ሰፈሩ ለቤት መብራት ብቻ ይጠቀም። ዕቅዱ ጥሩ ዕቅድ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። አንድ ሰው ብቻ ነበር የማይገባበት።

እሳቸው ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሰፈሩን ትልቁን ወፍጮ ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ሁለቱ ሌሎች የወፍጮ ባለቤቶች መጋዘንም መኪናም ያላቸው ነጋዴዎች ስለሆኑ ሜዳው ላይ ቤት መሥራት አይከብዳቸውም። የብየዳ ልጆቹም ተደራጅተው መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ዘይነባ ግን ከዚያች ወፍጮ በቀር ምንም የላቸውም። ደንበኞቻቸውም አንድ ቁና አዝለው የሚመጡ የሰፈር ሴቶች ናቸው፤ እስከ ሜዳው ማንም አይከተላቸውም። ወፍጮው ይነሳ ማለት ወፍጮው ይዘጋ ማለት ነበር። ይህን አውቃለሁ። የሳቸው ብቻ እዚያው ይቅር እንዳልል፣ አንዷ ከቀረች ሁሉም መቅረታቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ስሌቱን ስሠራ ሁለተኛ ገጽ ነበረው። ሞተሮቹ አንድ ባንድ ቢነሱና ብየዳው ተራ ቢጠብቅ፣ ትራንስፎርመሩ ሊችል ይችላል የሚል ገጽ። «ሊችል ይችላል» እንጂ «ይችላል» አይልም፤ ተለክቶ መታየት ነበረበት። ገጹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እኛ ሰዎች ታክሲ ለመሳፈር ተራ የማንጠብቅ ሞተር ለማስነሳት እንጠብቃለን? ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ «ከቴክኒክ አኳያ የማይቻል» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊዬ አነበበና «እንዲህ ነው ሪፖርት» አለ።

ቀጥሎ ስብሰባ ተጠራ፤ ሕዝብ ያላጸደቀው ሥራ አይሠራማ። የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፌ በቀይና በሰማያዊ ቀለም አስምሬበታለሁ፤ ቀዩ ሞተሮቹ በአንድ ጊዜ ሲነሱ የሚስቡት፣ ሰማያዊው ትራንስፎርመሩ የሚችለው። ቀዩ ሰማያዊውን ጥሎት ያልፋል። ላቤን እየጠረግኩ ሁለት ሰዓት ተኩል አስረዳሁ። አንዳንዱ ያንቀላፋል፣ አንዳንዱ ወረቀቱን አፍጥጦ ያያል። በመጨረሻ የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ጋሽ ይመር ተነሱ። ሌላ አገር እድር የሚባለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው።

«ልጄ፣ ደህና አድርገህ ነግረኸናል፤ ዕድሜ ይስጥህ» አሉ። «ሌላ መላ የለውም ወይ?»

«የለውም ጋሽ ይመር። አይቻልም። እኔና እርስዎ ፈለግንም አልፈለግንም፣ የሳይንስ ጉዳይ ነው።»

ትንሽ አዩኝ። «መርሀባ» አሉና ተቀመጡ። በኛ አገር ይሄ ቃል እሺም ነው፣ ይሁንልህም ነው።

ኃላፊዬ ወደ ድምፅ አሰጣጡ ገባ። የሚደግፍ ሲባል አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። እኔ ያየሁት ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡትን ወይዘሮ ዘይነባን ነው። እጃቸው ወጥቷል። ክርናቸውን አጠፍ አድርገው እንደነገሩ ሳይሆን ቀጥ አድርገው ነው ያወጡት። የሚቃወም? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ፤ ተጨበጨበ። ኃላፊዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ደሴን ገባህባት በለው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የሴትዮዋ እጅ ግን ምሳ ስበላም ዓይኔ ላይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከካሳሁን ጋር ወረድን። ካሳሁን የመስመር ሠራተኛ ነው፤ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ደረጃ የሚወጣ ይመስላል። እሱ መሰላል ተሸክሞ፣ እኔ ትእዛዙን በኪሴ ይዤ። አዲሱን ትራንስፎርመር ከማብራታችን በፊት የሞተሮቹን መስመር መቁረጥ ነበረብን፤ የመጀመሪያው የዘይነባ ነው። ጩኸት ይኖራል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ስድብም ይኖራል ብዬ ጆሮዬን አደንድኜ ነው የሄድኩት።

የወፍጮው ደጃፍ ላይ ስንደርስ የቅሬው አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሠላሳ አርባ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ቅሬው የሁሉም ነው፤ ሰው ሲሞት አብሮ ይቆፍራል፣ አብሮ ያስተዛዝናል። እነዚያ ወንበሮች ደግሞ ለሐዘን ካልሆነ ከተቀመጡበት አይወጡም።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

«እስካሁንስ አልሞተም» አሉ ጋሽ ይመር። «ዛሬ ነው ያላችሁት አይደል? ወፍጮው። ዘይነባን ልናስተዛዝን ተቀምጠናል። አንተ ሥራህን ሥራ፤ የሚነካህ የለም።»

ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ አይደለም። ወይዘሮ ዘይነባ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግራና ቀኛቸው ሴቶች አሉ። አንገታቸውን ደፍተዋል። ዘወር ብዬ ካሳሁንን ብፈልገው መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ካሳሁን፣ ምን ሆንክ?»

«ኢንጂነር፣ እኔ የዚህ ቅሬ አባል ነኝ» አለኝ። «ቅሬ ተቀምጦ ሥራ አይሠራም።»

«ታዲያ ሽቦውን ማን ይቁረጠው?»

አሰበ። «አንተ ትችላለህ። አንተ የላይ ሰፈር ነህ።»

ጓንቱን አጠለቅኩ። መሰላሉን ምሰሶው ላይ አስደገፍኩና አራት ደረጃ ወጣሁ። የሚያየኝ የለም፤ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል፣ ለቀስተኛ እንደሚያደርገው። አንዲት ሴት ብቻ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ድንጋይ ቢወረውሩብኝ እንዴት እንደምሆን አስቤበታለሁ፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። እጄ መቁረጫውን ይዞ ሳለ ጋሽ ይመር ተነስተው ከመሰላሉ ሥር ቆሙ።

«ከመቁረጥህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። ትናንት ሰው ፊት ነውና ተውኩህ።»

«ይጠይቁ።»

«አይችልም ያልከው ብረቱ ነው ወይስ እኛ ነን?»

ብረቱ ነው ማለት እችል ነበር። የሚያጣራብኝ አንድም ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ የለም። ቀዩንና ሰማያዊውን መስመር ያሰመርኩት እኔ፣ የማነበው እኔ፣ ሪፖርቱ ላይ የፈረምኩት እኔ። ደሴም አለች። ለምን እውነቱን እንደተናገርኩ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቀውም፤ ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። እኚያ ሽማግሌ ትናንት ገብቷቸው ሳለ እንዳላፍር ብለው ዝም ማለታቸው ይመስለኛል ያሸነፈኝ።

«እናንተ ናችሁ» አልኩ።

ሰው ሁሉ ቀና አለ። ከመሰላሉ ወረድኩና ከካሳሁን አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። መሳቢያ ውስጥ ስላለው ገጽ ነገርኳቸው። ሞተሮቹ አንድ ባንድ ቢነሱ ሊችል እንደሚችል፣ ብየዳውና ወፍጮው ግን አብረው መሄዳቸውን እንደምጠራጠር፣ ተራ አይጠብቁም ብዬ እንደተውኩት።

ጋሽ ይመር አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ይቺ ቅሬ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ አለች» አሉ። «መቃብር የሚቆፈረው በየቤቱ ተራ ነው። ተራው የተጻፈበት ወረቀት የለም። ቆፋሪ ጠፍቶ የዚህ ሰፈር ሬሳ አድሮ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አልሰማሁም።»

«ለሬሳ ተራ ጠብቀን ኖረን ለወፍጮ ያቅተናል?»

«ጋሼ፣ ሬሳ አይቸኩልም እኮ» አለ ሰይድ የሚባለው የብየዳ ቤቱ ጎረምሳ። «የሚቸኩለው ባለጤፉ ነው።» ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የኔንም ጥርጣሬ ነው የተናገረልኝ።

ወይዘሮ ዘይነባ የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። «ኢንጂነር፣ ይሄኛውም ቢቃጠል ሌላ አለ?»

«የለም እትዬ ዘይነባ።»

«እንግዲያው ይለካ። አልችል ካለ የኔው ይቁም፤ እኔ ለሰፈሩ ጨለማ አልሆንም። በአፍ ብቻ አይሁን እንጂ።»

ጋሽ ይመር እጃቸውን አነሱ። «ቅሬው ተነስቷል። ካሳሁን፣ ሥራህን ያዝ።» ካሳሁን ምንም እንዳልተፈጠረ ብድግ ብሎ መሰላሉን አነሳ።

ዝግጅቱ እስከ አምስት ሰዓት ፈጀ። ትራንስፎርመሩን አበራነው። በአሥራ አንድ ወር የመጀመሪያው መብራት ነበር፤ የደስታ ድምፅ ግን ከየትም አልወጣም፣ ሁሉም እየጠበቀ ነው። በየቤቱ ያለው አምፖልና ምድጃ ሁሉ እንዲበራ አደረግን፤ መለካት ያለበት ከነሙሉ ሸክሙ ነውና። ካሳሁን የኃይል መለኪያውን ይዞ ምሰሶው ላይ ወጣ። እሱ ቁጥሩን ይጠራል፣ እኔ በወፍጮው በር ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ትራንስፎርመሩ የሚችለውን መጨረሻ ቁጥር በሩ አናት ላይ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት። ወፍጮዎቹ የተራራቁ ስለሆኑ በየማዕዘኑ ሴቶች ቆመው ነጠላቸውን እያውለበለቡ «አስነሳ» ይላላሉ።

«የኔ መጨረሻ ይሁን» አሉ ዘይነባ። «ካልቻለ በማን እንደሆነ ይታወቅ።»

የመጀመሪያው ወፍጮ ተነሳ። ቁጥሩ ዘለለ፣ ወረደ፣ ረጋ። ሁለተኛውም ተነሳ፤ እሱም ዘሎ ረጋ። የቀረው ቦታ ጠባብ ነው። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፌን የሚያነቡ ሰዎች እየበዙ መጡ፤ ፊደል የማያውቁት ሳይቀሩ ከመስመሩ በታች መሆኑን ያያሉ። ዘይነባ ወደ ማብሪያው ሄዱ። «ቢስሚላህ» ብለው ጫኑት።

ትልቁ ሞተር ሲነሳ የበሩ አምፖል ደብዝዞ ቀላ። ትራንስፎርመሩ ድምፁን አወፈረ። ካሳሁን ቁጥር ጠራ፤ ከመስመሩ በላይ ነው። ሌላ ጠራ፤ ከዚያም ይብሳል። «ኢንጂነር፣ ልንገራቸው? ይጥፋ?» አለኝ ከላይ። ቆይ አልኩት። በልቤ እቆጥራለሁ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ዘይነባ እጃቸውን ከማብሪያው ላይ አላነሱም፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። አምስት ስል ትራንስፎርመሩ ድምፁን ለወጠ።

«ወረደ» አለ ካሳሁን። «ወረደ። ረጋ።»

ከመስመሩ በታች አንድ ጣት በማታህል ክፍተት ረጋ። አምፖሉም ነጣ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ «ገና ነው» አልኳቸው። ሰይድ ብየዳውን እንዲጀምር ተነገረው። ብልጭ ባለ ቁጥር ቁጥሩ መስመሩን አልፎ ይወጣል፤ አይወርድም። ሁለት ጊዜ ሞከርን። አስጠፋሁት።

«ሦስቱ ወፍጮ እየሠራ ብየዳ አይቻልም» አልኩ። «ይሄ ብረቱ ነው።»

ሰይድ ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አየኝ። «ይሄኛውስ በርግጥ ብረቱ ነው?»

«በርግጥ።»

«እሺ በቃ» አለ። ከዚያ በላይ አልተከራከረኝም። ትናንት ሁለት ሰዓት ተኩል ሳስረዳ ማንም እንዲህ አላመነኝም ነበር፤ ወይም ያኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ክርክሩ የመጣው ተራው ላይ ነው፤ እሱ እኔን አይመለከትም። ብየዳው ጠዋት ይሁን፣ ወፍጮው ከሰዓት ይሁን ብዬ ነበር። ሴቶቹ ባንድ አፍ ተነሱብኝ። ከሰዓት ልጅ ከትምህርት ቤት ይገባል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ማን ወፍጮ ይሄዳል? ይህን የሚያክል ነገር በስሌቴ ውስጥ አልነበረም። የብየዳ ልጆቹ ደግሞ ጠዋታችንን ለምን እናጣለን ብለው ጮኹ፤ አንዱ ተናዶ ሄደ፣ ተለምኖ ተመለሰ። ስምንት ሰዓት ድረስ ወፍጮ፣ ከዚያ በኋላ ብየዳ ተባለ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ማብሪያውን ያጠፋል፤ ሲመጣ መጀመሪያ ያስነሳው በሩ ላይ ባዶ ጆንያ ይሰቅላል፣ ቀጣዩ ጆንያውን ሳያይ ማብሪያውን አይነካም። ጆንያው የነሱ ሐሳብ ነው። እኔ ልዩ ዕቃ እንግዛ ልል ነበር።

ከሰዓት ቢሮ ስገባ ኃላፊዬ ሰምቶ ጠበቀኝ። «ሕዝብ በሙሉ ድምፅ ያጸደቀውን አንተ ማን ነህና ነው የምትሽረው?» አለኝ። ሪፖርቱ ስህተት እንደነበረው በጽሑፍ አስገባለሁ አልኩት። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» አለ። ጻፍኩ። የሳይንስ ጉዳይ ያልኩት ግማሹ የኔ ጉዳይ እንደነበረ በፊርማዬ አረጋገጥኩ። ደሴ ሌላ ሰው ሄደ። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ያህል ኃላፊዬ ሰላምታዬን በአገጩ ነበር የሚመልሰው።

ሁሉም ነገር አማረ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በዚያው ዓመት የፋሲካ ሰሞን አንደኛው ነጋዴ ገበያ በዝቶበት ጆንያ ሳያይ አስነሳ። ፊውዝ ተቃጠለ፣ ሰፈሩ አራት ቀን ጨለመ። ቅሬው ቀጣው። ቤቱ ሰው ሲሞት ቅሬው እንዳይቀርበት ፈርቶ ይሁን ተጸጽቶ አላውቅም፣ ዳግም አልደገመውም። ከብየዳ ቤቶቹ አንደኛው በኋላ በራሱ ፈቃድ ወደ ሜዳው ሄደ። ትራንስፎርመሩ እስከ ዛሬ አለ። በየሁለት ወሩ እየሄድኩ እለካለሁ፤ ሁልጊዜ ለመስመሩ የቀረበ ነው፣ ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል። የኔ ዕቅድ ተሠርቶ ቢሆን ይሄ ጭንቀት አይኖርብኝም ነበር። ወይዘሮ ዘይነባም ወፍጮ አይኖራቸውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሪፖርት ስጽፍ ገጹን ለሁለት እከፍለዋለሁ። በአንድ በኩል የለካሁትን፣ በሌላ በኩል የገመትኩትን። ሁለተኛው በኩል ሁልጊዜ ይረዝማል። አለቆች አይወዱትም፤ «እንደ ባለሙያ ቁርጡን ንገረን» ይላሉ። ሕዝቡም አንዳንዴ አይወደውም፤ ቁርጥ ያለ ነገር ሰው ያሳርፋል። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሐኪም ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የመንገድ ሰው፣ ሌላው የማያውቀውን የምታውቁ። ሕዝብ ድምፅ ይስጥ ማለት ቀላል ነው፤ ባለሙያ ይወስን ማለትም ቀላል ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚያደክመው። ምን ላይ ድምፅ እንደሚሰጥ ለሰዉ የምንነግረው እኛ ነን፤ ሁለተኛውን ገጽ መሳቢያ ውስጥ ከተውነው የሚወጣው እጅ ሁሉ የኛው እጅ ነው። መድኃኒቱን ግን አልነግራችሁም፣ አላውቀውም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የዚያን ዓመት ክረምት ሲወጣ የእናቴን ጤፍ ላስፈጭ ዘይነባ ዘንድ ወረድኩ። ላይ ሰፈር ወፍጮ ሞልቶ ሳለ እዚያ ድረስ መውረዴ ለጤፉ እንዳልሆነ ሳይገባቸው አልቀረም። ተራዬን ጠብቄ፣ ዱቄቱ እየወረደ ሳለ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ ዘይነባ፣ የዚያን ቀን አዳራሽ ውስጥ እጅዎን ለምን አወጡ?»

«ኤዲያ፣ የቆየ ነገር» አሉ።

«ግድ የለም፣ ይንገሩኝ። ፈርተው ነው? ወይስ እንዳላፍር ብለው?»

መልሱን እኔው አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ጋሽ ይመር ይሉኝታ ይዟቸው ዝም እንዳሉኝ፣ እሳቸውም ለእናቴ ብለው፣ ላቤን አይተው አዝነውልኝ ይሆናል። ወይም ከቀበሌ ጋር ላለመጣላት። አንዱን ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። ዘይነባ የጆንያውን አፍ ይዘው ዱቄቱን በመዳፋቸው ነካ ነካ እያደረጉ ቆዩ።

«ምን እፈራለሁ?» አሉ። «ቅሬው እንደሚቀመጥልኝም አላወቅኩም ነበር፤ እኔ ቤቴ ገብቼ ስለ ወፍጮው አልቅሼ ጨርሼ ነበር። አይቻልም አልክ። የተማረ ልጅ፣ የአገራችን ልጅ አይቻልም ካለ አይቻልም ነው። ወላሂ፣ አምኜህ ነበር።»

ጆንያውን አሰሩልኝ። ይቅርታ ፈልጌ አፉ በሉኝ አልኳቸው፤ «አፉ ብያለሁ፣ ድሮ» አሉኝ። ዱቄቱን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ፤ ትኩስ ዱቄት ጀርባ ያቃጥላል።